የአፍደም አሮጌ ካርታ፦ ምስክር ወይስ የይዞታ ደብተር?

የአፋርና የሶማሌ ክልሎች የወሰን ጉዳይ በተነሣ ቁጥር፣ ወይም ሚኤሶ አካባቢ ግጭት በተሰማ ማግስት፣ ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ አንድ ነገር መዞሩ አይቀርም፤ ከአሮጌ ካርታ ላይ ተቆርጦ የወጣ ምስል። ህዳጉ የለም፣ መለኪያው የለም፣ የታተመበት ዓመት የለም። በአንድ የቦታ ስም ዙሪያ ቀይ ክብ ይደረግና “ይኸው ማስረጃው!” ይባላል። ከሥሩ ስድብ ይከተላል። ሌላው ወገን ደግሞ ብዙም ሳይቆይ የራሱን ቁራጭ ይዞ ይመጣል።

በዚህ ሙግት ካርታው ያልመሰከረውን እንዲመሰክር ይገደዳል። የበለጠ የሚያስቆጨው ግን በትክክል የሚያውቀውን ነገር ማንም ሳይጠይቀው መቅረቱ ነው። ዜና መዋዕል ያልተጻፈለት፣ የደብር መዝገብ የሌለው፣ ታሪኩ በአፍ ብቻ የሚወርድ ቆላ አገር እንደ አሮጌ ካርታ ያለ የጽሑፍ ምስክር ብዙ የለውም። ያንን ምስክር ለፌስቡክ ጥይት ማድረግ ብክነት ነው።

አፍደምን እንውሰድ። በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ያለች ከተማ ናት። በደቡቧ የጨርጨር ደጋ ይነሣል፤ በሰሜኗ መሬቱ ወደ አፋር ዝቅታ እያዘቀዘቀ ይሄዳል። ወረዳዋ በደቡብ ከኦሮሚያ፣ በሰሜን ምዕራብ ከአፋር ክልል ጋር ትዋሰናለች። በአካባቢው ኢሳው፣ ጉርጉራው፣ ኢቱ ኦሮሞውና አፋሩ ግመሉንና ከብቱን እየነዳ ሲገናኝ፣ ሲገበያይ፣ ሲጋባ፣ ሲጋጭም ኖሯል።

በ1፡250,000 መለኪያ በተሠራው የአገሪቱ ካርታ ላይ አፍደም ያለችው “ኤን ሲ 37-12” በሚባለው ሉህ ነው። ስያሜው ለጆሮ ቢከብድም ምስጢር የለውም፤ ምድርን በካሬ የሚከፍል ዓለም አቀፍ አቆጣጠር ነው። ሉሁ ከ9 እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ40 ዲግሪ ተኩል እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን መሬት ይይዛል። ድሬዳዋም እዚሁ ላይ ናት። ወደ 165 ኪሎ ሜትር በ110 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አገር 66 ሴንቲ ሜትር በ44 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ተጨምቋል። አንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ከአፍደም የወጣ እረኛ ግማሽ ቀን የሚሄድበት መንገድ ወረቀቱ ላይ ከጣት ርዝመት አይበልጥም ማለት ነው።

ካርታውን ማን እንደሠራውና እንዴት እንደሠራው ሳያውቁ ማንበብ አደገኛ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት በአብዛኛው የእንግዳ ሥራዎች ናቸው። የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች የሐዲዱን ግራና ቀኝ ለኩ፤ መቀመጫውን ፍሎረንስ ያደረገው የጣሊያን ጦር ጂኦግራፊ ተቋም በወረራው ዘመን 1፡400,000 ካርታዎችን አሳተመ። መላ አገሪቱን በአንድ ወጥ ደንብ የመሣል ሥራ በስፋት የተያዘው የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ተልዕኮ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራ ሲጀምር ነው። የአሜሪካ ጦር ካርታ ሠራተኞች ከኢትዮጵያው የካርታና ጂኦግራፊ ኢንስቲትዩት ጋር ሆነው አገሩን ከአየር ፎቶ አነሡ፣ ከፍታና ርቀት ለኩ። የያኔው ኢንስቲትዩት ስሙ ደጋግሞ ተቀያይሮ ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አካል ሆኗል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የአየር ፎቶግራፍ ደመና አይወድም። አውሮፕላኑ ካሜራውን ይዞ የሚነሣው ሰማዩ ጥርት ሲል፣ በበጋ ነው። ለሲቲ አርብቶ አደር ደግሞ በጋ ማለት ጂላል ነው። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ ዲራ የሚባለው በበልግ፣ ካረን የሚባለው በክረምት። ካረን ሲጥል ሜዳው ሣር ይለብሳል፣ መንጋው በሜዳው ይበተናል። ጂላል ሲገባ ሁሉም ወደማይደርቀው ጉድጓድና ወደ ተራራው ሥር ይሰበሰባል። እንግዲህ ካሜራው ያየው ባዶ ሜዳ በጥር ወር ባዶ የሆነ ሜዳ ነው። በነሐሴ ቢያየው ሌላ አገር ያይ ነበር። “ካርታው ላይ ሰው የለም፣ ስለዚህ መሬቱ የማንም አልነበረም” የሚለው ሙግት ከዚህ ይወለዳል። ይህን የሚል ሰው የአንድ ወቅት ፎቶ ይዞ ስለ ዓመቱ ሁሉ እየፈረደ ነው።

ቤቱም እንዲሁ ነው። የሶማሌ አርብቶ አደር ቤት፣ አቃል፣ ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን በሴቶች እጅ የሚተከል፣ ሲነሡ ፈርሶ በግመል የሚጫን ነው። የአፋሩም ቤት እንዲሁ የሚነቀል ነው። ካርታ ደግሞ የሚወደው የማይንቀሳቀስ ነገር ነው። በመቶ የሚቆጠር ግመል የሚያሳድር ሰፈር ዛሬ ቢታይ ከሦስት ወር በኋላ የለም፤ ስለዚህ አይታተምም። ለአንድ የሐዲድ ጠባቂ የተሠራች የድንጋይ ክፍል ግን ጥቁር ነጥብ ሆና ለዘላለም ትቀመጣለች። በዚህ የተነሣ በሉሁ ላይ አገሩ የባቡር አገር ይመስላል።

በእርግጥ የባቡሩ ታሪክ ራሱ ቀላል አይደለም። አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዱ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ ሐሳቡ ሐረር ሊደርስ ነበር፤ ተራራው ወጪውን ስላናረው መስመሩ በቆላው ቀረና በ1895 ዓ.ም. አዲስ የተቆረቆረችው ከተማ “አዲስ ሐረር” ተባለች፤ ኋላ ድሬዳዋ። ከዚያ በገንዘብና በፖለቲካ ጭቅጭቅ ለዓመታት ቆሞ፣ በአዲስ ኩባንያ እንደገና ተነሥቶ፣ የደጋውን እግር እየታከከ በኤረር፣ በጎታ፣ በቢኬ፣ በአፍደም፣ በሙሉ፣ በሚኤሶ፣ በአሰቦት አልፎ አዋሽን ተሻገረና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

እነዚህን ጣቢያዎች ካርታው ላይ በተራ ሲያዩዋቸው ርቀታቸው የዘፈቀደ አይደለም። የእንፋሎት ባቡር ውኃ ይጠጣል፤ በየተወሰነ ርቀት ካላጠጡት አይሄድም። ስለዚህ መሐንዲሱ ጣቢያ ሲመርጥ የሚጠይቀው እረኛው ሠፈር ሲመርጥ የሚጠይቀውን ነው፤ ውኃ የት አለ? ከደጋው የሚወርዱት ወንዞች በካርታው ላይ በተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር ይሣላሉ፤ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚፈሱ ናቸው ማለት ነው። ሁሉም ከደቡብ ወደ ሰሜን ይወርዳሉ፤ ሐዲዱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጧቸው ያልፋል። የመንጋውም መንገድ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይና ወደ ታች ነው። ሐዲዱና መንጋው በመስቀል ቅርጽ የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ታሪክ አለው። የኩባንያው ማጠራቀሚያ፣ የእረኛው ጉድጓድ፣ የዘበኛው ቤት፣ ቀጥሎ የሻይ ቤቱና የገበያው። ከተሜው “አፍደምን ባቡር ወለዳት” ይላል። ወረቀቱን አስተውሎ ላየ ግን ባቡሩም የመጣው ውኃው ወዳለበት ነው፤ ውኃውን ደግሞ ከባቡሩ በፊት የሚያውቀው ሰው ነበር።

ይህን የሚያረጋግጡት የቦታ ስሞች ናቸው፤ የካርታው ትልቁ ሀብትም ትልቁ ወጥመድም እነሱ ናቸው። በሲቲ በኩል ቢዮ ቆቦቤ የሚባል ቦታ አለ፤ “ቢዮ” በሶማሊኛ ውኃ ነው። ወደ ጅጅጋ ሲዘለቅ ቀብሪበያህ አለ፣ ራቅ ብሎ ቀብሪደሃር፤ “ቀብሪ” ያው የእኛው ቀብር ነው፣ መቃብር። አንድ ሰው እዚያ ተቀብሯል፣ ስሙም ለአገር ተርፏል። ደጋሃቡር በሶማሊኛ ሲሰማ ድንጋይና ኮረብታ አለበት። ኦሮምኛው ደግሞ ቡርቃ ብሎ ምንጭን፣ መልካ ብሎ የወንዝ መሻገሪያን፣ ጋራ ብሎ ተራራን ይሰይማል። በድሮው የሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ካሉት አውራጃዎች አንዱ “አዳልና ጋራ ጉራቻ” ይባል ነበር። አዳል አማርኛ አፋርን የሚጠራበት የድሮ ስም ነው፤ ጋራ ጉራቻ በኦሮምኛ ጥቁር ተራራ ነው። ሌላው አውራጃ “ኢሳና ጉርጉራ” ይባል ነበር፤ ሁለቱም የሶማሌ ጎሣዎች ናቸው። የቢሮ ስያሜ ሆኖም አገሩ የተጋራ መሆኑን ከነስሙ ይናገራል።

ወጥመዱስ? ስሙ ወረቀት ላይ እስኪወርድ ያለፈበትን ጆሮ እንቁጠር። እረኛው በራሱ ቋንቋ ይናገራል። አስተርጓሚው ወይም የወረዳው ሹም እንደሰማው በአማርኛ ይጽፋል። አሜሪካኖቹና እንግሊዞቹ አማርኛን በላቲን ፊደል ለመጻፍ ባወጡት ደንብ እንደገና ይገለበጣል። ያን ጊዜ ሶማሊኛ ይፋ የላቲን ፊደል አልነበረውም፤ የሶማሊያ መንግሥት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ቁቤም በይፋ የመጣው ከደርግ መውደቅ በኋላ ነው። የሶማሊኛው የጉሮሮ ድምፅ በመንገድ ላይ ይወድቃል፣ የሚላላው ይጠብቃል። ጣሊያንማ ጅጅጋን “ጊጊጋ”፣ ሸዋን “ስኪዮዋ” የሚያስመስል አጻጻፍ ነበረው፤ በራሱ ፊደል ልክ ነው፣ ለማያውቀው ግን ሌላ አገር ይመስላል። ስለዚህ አንድ ስም በካርታ ላይ “የአፋርኛ” ወይም “የሶማሊኛ” መስሎ መታየቱ አንዳንድ ጊዜ የሚናገረው ስለ ቦታው ባለቤት ሳይሆን በዚያ ቀን ስለተገኘው አስተርጓሚ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ለቆላ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ቃል ጉድጓድ ነው። ሶማሌው “ኤል” ይለዋል፣ ኦሮሞው “ኤላ” ይለዋል፤ አፋሩም ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል አለው፤ ትግርኛም “ዔላ” ይላል፣ ኤርትራ ውስጥ ዔላ በርዕድ እንዳለ ሁሉ። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸውና ቃሉ የጋራ ነው። በ“ኤል” የሚጀምር ስም ላይ ቀይ ክብ አድርጎ “የእኛ ነው” የሚል ሰው፣ ጎረቤቱም በዚያው ፊደል “የእኛ ነው” ማለት እንደሚችል አልተረዳም። የአፍደምን ስም እንኳ በዚህ መንገድ ልተንትን የሚል ቢመጣ ገና ከመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ይሰናከላል፤ “አፍ” በአማርኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአፋርኛም አፍ ነው፣ ኦሮምኛውም “አፋን” ይላል።

ስለ መስመሮቹ ደግሞ እንነጋገር። በ1፡250,000 ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእስክሪብቶ መስመር መሬት ላይ 125 ሜትር ይሸፍናል። አንድ ጉድጓድ፣ ያውም ከነማጠጫው፣ ከመስመሩ ውስጥ ይጠፋል። በዚያ ላይ የድሮዎቹ ካርታዎች የተለኩት በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ካለው አዲንዳን ከተባለ የመነሻ ነጥብ ተነሥቶ ነው። የዛሬው የስልክ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱን ሳያስታርቅ አሮጌውን ካርታ በስልኩ ላይ የደረበ ሰው ቦታው ሁሉ ከ100 ሜትር በላይ ፈቀቅ ይልበታል። በሁለት ቀበሌ መካከል ያለ ጉድጓድ ከዚህ ወደዚያ የሚሻገረው አንዳንዴ በሸፍጥ ሳይሆን በዚህ ነው። የአሜሪካ ጦር ካርታዎች ራሳቸው የወሰን መስመሩ እንደ ሥልጣናዊ ማረጋገጫ እንዳይወሰድ ህዳጋቸው ላይ ያስጠነቅቁ ነበር። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መጀመሪያ የሚቆረጠው ያ ህዳግ መሆኑ ያሳዝናል።

ካርታን የይዞታ ደብተር ማድረግ የት እንደሚያደርስ ይህ ክልል ከማንም በላይ ያውቃል። በ1889 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ ኔራዚኒ የኦጋዴንን ወሰን የተነጋገሩት ሃቤኒክት በተባለ ጀርመናዊ ካርታ ላይ መስመር በማስመር ነው፤ ከባሕሩ ዳርቻ 180 ማይል ያህል ገብቶ የሚሄድ መስመር ነበር። መስመሩ ያረፈበት ካርታ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1908 የተፈረመው ውል በጎሣና በወንዝ ስም ለመጠገን ሞከረ፣ መሬት ላይ ግን አልተተከለም። ከ26 ዓመት በኋላ በፊታውራሪ ተሰማ በንቲና በኮሎኔል ክሊፎርድ የሚመራው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የወሰንና የግጦሽ ኮሚሽን ወልወል ሲደርስ የጣሊያን ጦር ጉድጓዶቹ ላይ ሠፍሮ አገኘው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ተኩስ ተከፈተ። ኢትዮጵያ የጣሊያን የራሱ ካርታዎች ወልወልን በኢትዮጵያ በኩል እንደሚያሳዩ ለመንግሥታቱ ማኅበር አስረድታ ነበር። ማስረጃው ትክክል ነበር፤ ጦርነቱን ግን አላስቀረም። የጸቡ ቦታም ያው የውኃ ጉድጓድ ነው።

ዛሬም በፌዴራሉ ዘመን ያለው ጉዳይ ከዚህ ሩቅ አይደለም። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ መካከል ከ400 በላይ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገባቸው። ያም ሆኖ በድሮው ካርታ ላይ አንድ የነበረው የሚኤሶ ስም ዛሬ በሁለቱም ክልሎች የወረዳ ስም ሆኖ ይገኛል። በአዋሽና በሚሌ መንገድ ላይ ያለችው አንዲት ከተማ ለአፋሩ ገዳማይቱ፣ ለሶማሌው ገርበ ኢሳ ናት። እሷና ሌሎቹ ሁለት ቀበሌዎች፣ ኡንዱፎና አዳይቱ፣ በ2007 ዓ.ም. በተደረሰው ስምምነት ለአፋር ሆኑ፤ በ2011 ዓ.ም. የሶማሌ ክልል ከስምምነቱ ወጣሁ አለ። በዚህ መካከል የሞተው ሰው ቁጥር ካርታ ላይ አይታይም። የትኛው ስም ይታተም የሚለው ውሳኔ ግን በዚያ አገር የፊደል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ታዲያ አሮጌው ካርታ ለምን ይጠቅማል? ውኃው የት እንደነበረ፣ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ፣ ከ60 ዓመት በፊት ምን እንዳልነበረ ለማወቅ። ለምሳሌ ዛሬ የአፋርንና የሲቲን ግጦሽ የወረረው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾህ ወደ አገሪቱ የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1960ዎቹ ፎቶ የተነሣው ሜዳ ከእሱ በፊት የነበረው ሜዳ ነው። በ1969 ዓ.ም. የሽምቅ ተዋጊዎች ያፈነዷቸው ድልድዮች የትኞቹን ወንዞች ይሻገሩ እንደነበርም ወረቀቱ ላይ ማየት ይቻላል። አሮጌው ባቡር ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ በ2000 ዓ.ም. ግድም ሥራ አቆመ። ዋናው የአስፋልት መንገድ ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ደጋ ስለሚወጣ አፍደም ያለ ባቡር ብዙ የሚያገናኛት አልነበረም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አፍደም ላይ ጣቢያ አለው። ይሁንና ይህ ባቡር ከብትና ግመል መግጨቱ የመስመሩ ቋሚ ራስ ምታት ሆኗል። መንጋው በየት እንደሚሻገር ማወቅ የፈለገ መሐንዲስ በአሮጌው ሉህ ላይ ሐዲዱን የሚያቋርጡትን የእግር መንገዶችና ደረቅ ወንዞች ቢያጠና ብዙ ያገኝ ነበር።

ከካርታው የቀደመ ሀብትም አለ። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ያነሷቸው የአየር ፎቶግራፎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራ ድርጅቱ ግምጃ ቤት ተረስተው ቆይተው የተገኙት በቅርቡ ነው፤ በካርቶን ሰሌዳ ላይ የተለጠፉ፣ ከ8,000 በላይ ሰሌዳዎች። እስካሁን ይበልጥ የሠሩባቸው የሰሜኑን ደጋ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ናቸው። የምሥራቁ ቆላ ተመራማሪውን ገና እየጠበቀ ነው።

በርንሃርድ ሊንዳል የሚባል ስዊድናዊ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ፣ ከካርታዎችና ከመንገደኞች መጻሕፍት የአገሪቱን የቦታ ስሞች አንድ በአንድ እየለቀመ በካርታ ካሬ ቁጥር አደራጅቷቸዋል። ሥራው ኡፕሳላ በሚገኘው የኖርዲክ አፍሪካ ተቋም ይገኛል። ለትልልቆቹ ከተሞች ገጾች ሞልቷል። ለብዙዎቹ የገጠር ቦታዎች ግን ያለው ስሙና ዲግሪው ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ባዶ ነው። ያንን ባዶ ሊሞሉ የሚችሉት አውሮፕላኑ ከላይ ሲያልፍ ከታች ግመል ሲያጠጡ የነበሩት ናቸው። በ1955 ዓ.ም. የ15 ዓመት እረኛ የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያ ሊሞላው ነው።